ያልተገደበ ቪዲዮ

ሰኞ ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት የቢሮውን በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሰማው ዝምታውን ነው። ያቺ ክፍል ዝም ብላ አታውቅም። ከኋላ በመስታወት በር በተከለለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ማሽን ነበረ። አሁን የለም። የብረት መደርደሪያው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ክፍቱን ቀርቷል። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱም እንደተዘጋ ነው።

ፖሊስ ሲደርስ ባለቤቱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል።

ኢንስፔክተሩ ሦስተኛው ፎቅ የደረሰው በእግሩ ነው። ስለ ሊፍቱ ሲጠይቅ የሕንጻው ጥበቃ «ይሠራል፤ ሰው ሲገባበት ነው የሚቆመው» ብሎታል። ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቹ ከኋላው «ኤጭ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ደረጃውን ሲወጣም በየወለሉ ስሙን ራሱ እየጠራ ነበር። አብራው የመጣችው ሳጅን እንዳልሰማች ሆና ተከተለችው።

«ምንድን ነው የጠፋው?»

«ሰርቨር» አለ ባለቤቱ።

«እኔ በሚገባኝ ንገረኝ።»

«ኢንተርኔት ላይ የሚያዩት ድረ ገጽ ሁሉ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ማሽን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ ያንን ቦታ ነው የማከራየው።»

«እንደ ቤት ኪራይ።»

«እንደ ቤት ኪራይ። ትናንሾቹ ተከራዮች፣ ሆቴሉም ትምህርት ቤቱም፣ ያችኛዋ ትንሽ ማሽን ላይ ናቸው። እሷ አልተነካችም። የተወሰደው ትልቁ ነው። እሱ ላይ ያለው ተከራይ አንድ ብቻ ነው፤ የቪዲዮ ሳይት።»

«አንድ ተከራይ ብቻ ከሆነ ምን ያስለቅስሃል?»

ጥጉ ላይ የቆመው ቴክኒሻን፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰውዬ፣ በአፍንጫው ሳቀ። «የቪዲዮ ተከራይ ማለት ቧንቧ ከፍቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ተከራይ ነው። አንድ ሰው ፊልም ባየ ቁጥር ከዚህ ተቀድቶ ነው የሚሄድለት። ሺህ ሰው ካየ ሺህ ጊዜ ይቀዳል። የኢንተርኔት መስመሩ ድርጅት ደግሞ በተቀዳው ልክ ያስከፍለናል።»

«እናንተም በተቀዳው ልክ ከተከራዩ ትቀበላላችኋ።»

ሁለቱ ተያዩ። ባለቤቱ በጣቱ ወደ መግቢያው በር ጠቆመ። በሩ መስታወት ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ያልተገደበ ቪዲዮ! በቁርጥ ዋጋ!» ይላል።

«ኤጭ!» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የሚያይ ሰው አልነበረም።»

ፀሐይዋ በትልቁ መስኮት ገብታ የኢንስፔክተሩን ዓይን ትወጋዋለች። በመዳፉ ግንባሩን ጋርዶ ቢዞር ደግሞ ከመደርደሪያው ብረት ላይ ነጥራ መጣችበት። «እዚህ ቤት መጋረጃ የሚባል ነገር የለም?»

«ለእጥበት ወርዶ ነው» አለ ባለቤቱ ሳያስበው።

ሳጅኗ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብላለች። «አለቃ፣ ይሄን ይዩልኝ። ከላይም ከታችም አቧራ ነው፤ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ግን ጥርት ብሎ ተወልውሏል።»

«አሻራውን ያጠፋ ሌባ ነዋ። ሥራውን የሚያውቅ።»

«የመስታወቱ በር እጀታ ላይ ግን አሻራ በአሻራ ነው። እሱን አልነካውም።»

«ገመዱንም ወስዶታል» አለ ቴክኒሻኑ። «የኤሌክትሪኩን ገመድ። ይሄማ ነው የገረመኝ። የማንኛውም ኮምፒውተር ገመድ እኮ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ይሸጠዋል። ከኋላ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ተጠላልፎ ነው ያለው። ተንበርክኮ፣ አንድ በአንድ ፈትቶ... ምን ዓይነት ትዕግሥተኛ ሌባ ነው?»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባለቤቱን «በል፣ ከመጀመሪያው ጀምር» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቪዲዮ ሳይቱ ሲከራይ የሚያየው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ አንድ አዲስ ፊልም ተጫነበት፤ ገና ሲኒማ ቤት እየታየ ያለ ፊልም። ሰው ጎረፈ። የመስመሩ ሂሳብ ኪራዩን አልፎ ሄደ፣ ከዚያ ቢሮውን አለፈ፣ አሁን ቤቱ ደጃፍ ደርሷል። ለመስመሩ ውል የተያዘው የእናታቸው ቤት ነውና፤ ታላቅ እህቱ የምትኖርበት፣ እሱም ያደገበትና እስካሁን ያለበት ቤት።

«ማሽኑን አታጠፋውም ነበር?»

«ውሉ! በገዛ እጄ ካጠፋሁት ለተከራዩ ቅጣት እከፍላለሁ። ባላጠፋው መስመሩ ይበላኛል፣ ባጠፋው ውሉ ይበላኛል።»

«አንብበህ ነው የፈረምከው?»

«እኔ ነኝ ያረቀቅኩት» አለ ባለቤቱ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በዚያ ላይ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ከሳኛለች። ማስጠንቀቂያዋ በደረሰኝ ቀን ፊልሙን አውርጄዋለሁ፤ የጎረፈው ሰው ግን ሌላ ሌላውን እያየ ቀረ። ሲነገረው ወዲያው ያወረደ ይተርፋል፤ ዝም ያለ ግን አብሮ እንደሰረቀ ይቆጠራል። መቼ እንዳወረድኩት ማሽኑ ውስጥ ተመዝግቧል። ረቡዕ ባለሙያ መጥቶ ሊያየው ቀጠሮ ነበረን። ማሽኑ ከሌለ ማን ያምነኛል? ካሳውም ከዚያው ቤት ላይ ነው የሚነሳው።»

*

ጥበቃው መግቢያው ላይ ፕላስቲክ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ጠበቃቸው።

«ትናንት እሁድ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ማን ወጣ?»

«የማላውቀው ሰው አልገባም፣ ጌታዬ። አንድም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይኔን ከበሩ አላነሳሁም። የማላውቀው ሰው በዚህ በር ሲያልፍ ባይ ኖሮ አንቄ ነበር የማስቀረው።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። በኋላ ይህችን ምስጋና ሲያስታውስ ራሱን መምታት ያምረው ነበር።

*

የቪዲዮ ሳይቱን ባለቤት ሁሉም «ካሴት» ይሉታል። አባቱ የፊልም ካሴት ያከራዩ ነበር፤ ልጁ ግን ካሴት ነክቶ የሚያውቅ አይመስልም። ሁለት ኮምፒውተር ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሚያወራው። የቀኝ ጆሮው አብጧል።

«ፊልሙን እኔ አልጫንኩትም። ልጆቹ ናቸው።»

«የየትኛው ቤት ልጆች?»

«ተጠቃሚዎቹን ማለቴ ነው። እኔ ቦታ ነው የምሰጠው። የጫነው 'ንጉሥ ዜሮ ሰባት' የሚባል ነው።»

«ይሄ የሰው ስም ነው?»

«የሳይት ስም ነው። ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ማሽኑ ግን ያውቃል። ስለዚህ ማሽኑ ቢጠፋ ደስ ይልሃል።»

ወንበሩ መዞሩን አቆመ። «ደስ ይለኛል? ሳይቴ ጨልሞ? ማስታወቂያ የሚሰጡኝ ሰዎች ከትናንት ጀምሮ እየሰደቡኝ ነው! በዚያ ላይ ሳይቱ ሲጠፋ እኔ ሲኒማ ቤት ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ያላየኝ ማን አለ!» እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። «ተደብድቤያለሁ እኮ። በቦርሳ። ያቺ ፕሮዲውሰር ናት።»

ሳጅኗ ሳል እንደያዘው ሰው አፏን ሸፈነች።

ፕሮዲውሰሯን ያገኟት ግድግዳው በፊልም ፖስተር በተሸፈነ ቢሮ ነው። የእጇን አንጓ በፋሻ ጠቅልላዋለች።

«እሁድ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ አንድ ሌባ እየቀጠቀጥኩ» አለች ሳታፍር። «ሁለት ዓመት የለፋሁበት ፊልም ነው። ገብቼ ባይ አዳራሹ ገሚሱ ባዶ። ሰው ለምን ይመጣል? አልጋው ላይ ተጋድሞ በነጻ አይቶታል። ቀና ስል ያ ጉደኛ ትኬት ቆርጦ፣ ፈንዲሻ ይዞ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተሰይሟል! የእኔኑ ፊልም ሰርቆ፣ የእኔኑ ፊልም ሊያይ! እየጎተትኩ በር ላይ አደረስኩት። የቀረውን ቦርሳዬ ይመስክር።»

«ማሽኑ ከጠፋ አከራዩ ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት አይችልም። ያ ለእርስዎ ይጠቅማል።»

«አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? ማን እንደጫነው የሚታወቀው እኮ በማሽኑ ነው! አከራዩን የከሰስኩት ጠልቼው መሰለዎት? ያ ጉደኛ 'ልጆቹ ናቸው የጫኑት' ይላል፤ ከቀረው ሰው ሁሉ በር ያለው አከራዩ ብቻ ሆኖ ነው። ሌላውን የት ሄጄ ላንኳኳ? 'ንጉሥ ዜሮ ሰባት' ብዬ መንገድ ላይ ልጣራ?»

መኪናው ውስጥ ኢንስፔክተሩ መሪውን ያዘ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም።

«ሁለት ተጠርጣሪ ነበረኝ» አለ። «አሁን አንዷ የአንዱ ምስክር ናት። ያውም በሕክምና ማስረጃ። ኤጭ!»

«ባለቤቱ ራሱስ?» አለች ሳጅኗ። «ሌባ ከወሰደበት ቅጣቱ ይቀርለታል። ፊልሙ የወረደበትን ቀን ማሽኑ መዝግቧል የሚለውም የአፍ ወሬ ነው።»

እሱንም አጣሩ። ባለቤቱና ቴክኒሻኑ እሁድ ከሰዓት ኳስ ሜዳ ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸው መሀል ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በቡድናቸው ቀለም ተቀብተው። ቡድናቸው ተሸንፏል። ያን ቀን ስልክ ለምን እንዳላነሳ ሲጠየቅ ባለቤቱ «ስልኬን እንድዘጋው እትዬ ናት የለመነችኝ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁን ብላ» አለ።

የቢሮው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ቴክኒሻኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ሌላው ቤት፣ የባለቤቱ የሥራ ሱሪ ኪስ ውስጥ።

*

ማክሰኞ ወደዚያ ቤት ሄዱ። አሮጌ ቤት ነው፤ ግን ከደጃፉ ጀምሮ የተወለወለ፣ ጫማን የሚያሳፍር። ታላቅ እህቱ ሻይ ይዛ መጣች። ጠንካራ ክንድ ያላት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት።

«እትዬ በሉኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ስኳር ጨምሩ እንጂ።»

«የወንድምዎ የቢሮ ቁልፍ እሁድ ዕለት የት ነበር?»

«ሱሪው ውስጥ። ሱሪው ደግሞ ሚስማሩ ላይ። የት ይሄዳል?»

«ሌላ ሰው ወደ ቤቱ አልገባም?»

«ከእኔ በቀር ማንም።»

ኢንስፔክተሩ ብርጭቆውን አነሳ። ከሥሩ ጠረጴዛው ተጠረገ። አስቀመጠ። እንደገና ሲያነሳ ጨርቁ እንደገና መጣ። ሦስተኛ ላይ ላለማስቀመጥ ብርጭቆውን ይዞ ቀረ፤ ጣቱን አቃጠለው። በሆዱ «ኤጭ» እያለ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ገመድ ላይ ሰፊ ሰማያዊ መጋረጃ ተሰጥቷል። ነፋሱ ሲያነሳው ሸራ የተዘረጋበት ጀልባ ይመስላል፤ ለአፍታ ኢንስፔክተሩ ሥራውን ረስቶ ወደማያውቀው ባሕር ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ከነከነው። የዚህ ቤት መስኮቶች አንድ ክንድ ተኩል ቢሆኑ ነው። ያ መጋረጃ ግን ለግድግዳ የሚሆን ነው።

ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፦ «የሚያሳዝነው ያ ማሽን መጥፋቱ አይደለም፣ እትዬ። ውስጡ ያለው ማስረጃ ነው። ወንድምዎ ፊልሙን በተነገረው ቀን ማውረዱን የሚያሳይ ሌላ ምንም የለም። ነገ ባለሙያው መጥቶ ማሽኑን ካላየ ይሄ ቤት ሄደ ማለት ነው።»

ጨርቁ ጠረጴዛው መሀል ላይ ቆመ።

«ምን ማስረጃ?»

«አልነገረዎትም?»

«ስጠይቀው 'አይገባሽም እትዬ' ነው የሚለኝ።» ጨርቁን አጣጠፈች፤ ዘረጋች፤ መልሳ አጣጠፈች። «እንደው ለመጠየቅ ያህል... እንዲህ ያለ ማሽን እርጥብ ጨርቅ ይፈራል?»

ሳጅኗ ብዕሯን ጣለች። ኢንስፔክተሩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ የጠረገለት አልነበረም።

«ለጥበቃው ደውይ» አላት ሳጅኗን። «ድምጹን ከፍ አድርጊው።»

ጥበቃው በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ ኢንስፔክተሩ የእሁዱን ጥያቄ ደገመለት። «አዎ ጌታዬ፣ እንደነገርኳችሁ ነው። የማላውቀው ሰው አልገባም።»

«የሚያውቁትስ?»

«የማውቀውንማ መቼ ጠየቁኝ! እትዬ መጥታ ነበር። መጋረጃ ልታጥብ። እንዲያውም እኔ ነኝ እስከ ታክሲ የተሸከምኩላት። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።»

«መጋረጃ እንዲህ ይከብዳል?»

«እርጥብ መስሎኝ...»

«ሳይታጠብ?»

ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ ተነስታ ወደ ጓዳ መራቻቸው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደርጎለት፣ ማሽኑ እንደ ሕመምተኛ ተጋድሟል። «ውጪውን ብቻ ነው ያበስኩት» አለች። «ምን ላድርግ፣ አቧራው! ያስቀመጡበት ቦታ ራሱ ያሳፍር ነበር፤ እሱንም ወልውዬላቸው ነው የመጣሁ።»

«ለምን?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ሰው ባየ ቁጥር ይሄ ቤት ይበላል አላለኝም? ታዲያ አጥፋዋ! 'አላጠፋውም፣ ፈርሜያለሁ' ይለኛል። እሱ ነው የፈረመ። እኔ አልፈረምኩም።»

«ሰኞስ ፖሊስ መጥራቱን ሲነግርዎት?»

ድምጿ ወረደ። «ልነግረው ነበር እኮ። ግን ማታ መጥቶ፣ ልብሱን እንኳን ሳያወልቅ ተኛ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ያላየ ልጅ። ስልኩ አይጮህ፣ እሱ አይባንን። ዛሬን ይተኛ፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።»

ሳጅኗ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ፣ ይሄ ማሽን የተገዛው በማን ስም ነው?»

«በእኔ ነዋ። በማን ሊሆን ነው? እሱ ምን አለው?»

ሳጅኗ ወደ አለቃዋ ዞረች። «የራስን ዕቃ በራስ ቁም ሳጥን ማስቀመጥ በየትኛው አንቀጽ ነው የምንጽፈው?»

ኢንስፔክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ እየወጣ የፈለገው ሌባ የዕቃው ባለቤት ነበረች። ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ፤ «ኤጭ» ለማለት አፉን ከፍቶ አቅም አጣ።

*

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። መጋረጃውም ተሰቅሏል፤ ክፍሉ ሰማያዊ ሆኗል። ባለቤቱ ከእህቱ ጋር አይነጋገርም፤ አጠገቧ ግን ነው የቆመው። ባለሙያው ከታች ደርሷል፤ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ይሰማል።

«ገመዱስ?» አለ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ።

«አለ» አለች እትዬ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ስጪኝ እንጂ!»

«መጀመሪያ ያንን ቃል አውርደው።»

«የቱን ቃል?»

«በሩ ላይ ያለውን። ያልተገደበ የሚለውን። በቀዱት ልክ የሚከፍሉ ከሆነ ይምጡ። ካልሆነ ማሽኑም ይቀመጥ፣ እኔም ቤቴን ይዤ ልቀመጥ።»

«እትዬ፣ ሰውዬው እየመጣ ነው!»

«ይምጣ።»

ቴክኒሻኑ ግራ ገብቶት «ገመዱማ እኮ ማንኛውም...» ማለት ሲጀምር የኢንስፔክተሩ ጫማ በእግሩ ላይ አረፈ። አፉን ዘጋ።

ባለቤቱ እህቱን አየ። በሩን አየ። ከዚያ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ተንበረከከና ቀይ ፊደላቱን መፋቅ ጀመረ። ባለሙያው በሩ ላይ ደርሶ ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። የመጨረሻዋ ፊደል ስትወድቅ እትዬ መጀመሪያ መስታወቱን በጨርቅ ጠረገች፤ ቀጥላ ገመዱን ከቦርሳዋ አወጣች። ሥርዓት ባለው ጥቅልል፣ በክር ታስሮ ነበር።

ሲሰካ ማሽኑ ዝም አለ። የሁሉም ዓይን የእትዬ ጨርቅ ላይ ሄደ። እሷም ከኋላዋ ደበቀችው። ከዚያ የሆነ ነገር ውስጡ ጠቅ አለ፤ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ማጉረምረሙ ክፍሉን ሞላው። ባለቤቱ ግድግዳውን ተደገፈ።

ባለሙያው ጊዜ አልፈጀበትም። ፊልሙ የወረደው ማስጠንቀቂያው በደረሰበት ዕለት ነው። «ንጉሥ ዜሮ ሰባት»ም ፊልሙን የጫነው ከካሴት ቢሮ፣ ካሴት በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው። ኢንስፔክተሩ ስልክ አነሳ።

«ካሴት፣ ማሽኑ ተገኝቷል። ንጉሡም አብሮ ተገኝቷል። ማሽኑ ለጠፋባቸው ቀናት ቅጣት ትጠይቃለህ እንዴ?»

«የምን ቅጣት? የምን ውል?» አለ ካሴት ባነሰ ድምፅ።

የመስመሩ ሂሳብ ግን አልተነካም። እስከ እሁድ የተቀዳው ተቀድቷል፤ ወንድምና እህት ለዓመታት ይከፍሉታል። ከእሁድ ወዲህ ግን አልጨመረም። የመስመሩን ቆጣሪ ቴክኒሻኑ ሲያሳያቸው እትዬ አገጯን ከፍ አደረገች።

ደረጃው ላይ ቴክኒሻኑ እየሮጠ ኢንስፔክተሩ ላይ ደረሰ። እግሩን ያነክሳል።

«ያ ገመድ እኮ የትም ይገኛል። መሳቢያዬ ውስጥ ብቻ ስንት አለኝ። ለምን ዝም አስባሉኝ?»

ኢንስፔክተሩ ቆመ። ከላይ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ እላዩ ላይ ደግሞ «ቀስ በል፣ አቧራ ታነሳለህ» የምትል ሴት።

«ቤቷ ተይዞባት በእጇ የቀራት ያቺ ገመድ ብቻ ናት» አለው። «ተዋት፣ ትያዛት።»

ከዚያ ሊፍቱን አየና፣ ኤጭ ሳይል፣ በእግሩ ወረደ።